ለአክቲቭ ቤዝ ጊታር፦ የሚሞላ ድንጋይ ወይስ አልካላይን? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ቤዚስቶች

የአክቲቭ ቤዝ (ድምፁን የሚያስተካክል፣ በድንጋይ የሚሠራ ፕሪአምፕ የተባለ ሰርኪዩት ውስጡ ያለው ቤዝ) ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ባለቀ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል፦ ሱቅ የተገኘውን ገዝቶ መገላገል ነው ወይስ አንዴ ጨክኖ የሚሞላውን ማስመጣት? ብዙ ሰው መልሱን ማሸጊያው ላይ ይፈልጋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቤዙን ክፈቱት እላለሁ። ፕሪአምፑ ስንት ሚሊ አምፒር እንደሚስብ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው፣ ርካሹንም ገዛ ውዱን፣ በግምት ነው የገዛው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ቦታ የሚገኘው ቲኤል 072 የተባለው የፕሪአምፕ አይሲ (ማጉያ ቺፕ) ብቻውን 2.8 ሚሊ አምፒር ያህል ይወስዳል፤ ቁጠባ ተብሎ የተሠራው ቲኤል 062 ደግሞ 0.4 ገደማ። ጥሩ አልካላይን 550 ሚሊ አምፒር ሰዓት (1 ሚሊ አምፒር ለ550 ሰዓት የሚሰጥ ኃይል) ይይዛል ብንል፣ የመጀመሪያው ቤዝ ወደ 200 ሰዓት ያጫውታል፣ ሁለተኛው ከ1,300 ሰዓት በላይ። እሁድ እሁድ ቸርች የሚያገለግል ልጅና በሳምንት አምስት ሌሊት ሆቴል የሚጫወት ቤዚስት አንድ ምክር አይበቃቸውም።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ቴስተር ብቻ ይፈልጋል። ጃኩን ቤዙ ላይ ሰኩ፣ ምክንያቱም ፕሪአምፑ የሚበራው ጃክ ሲገባ ነው። ከዚያ የድንጋዩን ማያያዣ አንዱን ጫፍ ብቻ እንዲይዝ አዙሩት፣ ክፍት በቀሩት ሁለት ጫፎች መሃል ቴስተሩን በሚሊ አምፒር ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። የሚታየው ቁጥር የቤዛችሁ ፍጆታ ነው። የድንጋዩን ሚሊ አምፒር ሰዓት (ካልተጻፈበት ከታች ካለው ሰንጠረዥ) ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉት የመጫወቻ ሰዓቱን ታገኛላችሁ።

አሁን አራቱን የድንጋይ ዓይነቶች ጎን ለጎን እንያቸው።

| ዓይነት | ቮልት | ሚሊ አምፒር ሰዓት | ሲያልቅ |
|---|---|---|---|
| ተራው (ዚንክ ካርቦን) | 9 | 300–400 | ቀስ እያለ ይደክማል |
| አልካላይን | 9 (አዲስ ሲሆን 9.5 ገደማ) | 500–600 | ቀስ እያለ ይደክማል |
| የሚሞላ ኒኬል | 8.4፣ አንዳንዱ 7.2 | 150–300 | በድንገት ይወድቃል |
| የሚሞላ ሊቲየም | 7.4 (ሙሉ ሲሆን 8.4)፣ የቮልት መቀየሪያ ካለው 9 | 500–650 | በድንገት ይቆረጣል |

ስለ ተራው ብዙ አልልም። በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው፣ «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል ጽሑፍም ስላለው ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ከማይሞሉት ሁለቱ ደካማው ነው። ጎኑ ላይ 6ኤፍ22 ካለ ተራው ነው፣ 6ኤልአር61 ካለ አልካላይን ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ከሚላችሁ ይልቅ ይህን ኮድ እመኑ። ተራውን ለመለዋወጫ ሻንጣ ውስጥ ይዞ መዞር ይቻላል፣ እሱም ቢሆን ከረሱት አፍስሶ ማያያዣውን ይበላል።

አልካላይን የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ሲደክም ማስጠንቀቁ ነው። መጀመሪያ የሚሻከሩት ጠንከር ተደርገው የሚመቱት ኖታዎች ናቸው፤ ለስለስ ያለ ትዝታ ስትጫወቱ ምንም አይሰማም፣ ሞቅ ያለ ዘፈን ላይ ጣታችሁን ስትጥሉበት ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። በቴስተር ከ7.5 ቮልት በታች ካሳየ ለሰርግ ይዛችሁት አትሂዱ። የመጀመሪያው በብዛት የተመረተ አክቲቭ ቤዝ የ1976ቱ ሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ነው፤ እንደ እሱ ፓሲቭ ማብሪያ (ያለ ድንጋይ የሚያጫውት ማብሪያ) የሌለው ቤዝ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ሲሞት ቤዙም አብሮ ይሞታል።

ወደ የሚሞሉት እንምጣ። ኒኬሉ ሰባት ባለ 1.2 ቮልት ሴሎች ተደርድረው 8.4 ቮልት የሚሰጥ ነው። ቮልቱ ዝቅ ስላለ ድምፁ ይደክማል ብለው የሚፈሩ አሉ። ከአዲስ አልካላይን ጋር ሲነጻጸር ፕሪአምፑ ሳይሻከር የሚያወጣው ከፍተኛ ድምፅ በ1 ዴሲቤል ገደማ ነው የሚያንሰው፤ በጣም አጥብቆ የሚመታ ካልሆነ አይሰማውም። ስድስት ሴል ብቻ ያለውን ባለ 7.2 ግን አትግዙ፣ ገና ሙሉ ሳለ የደከመ አልካላይን ያህል ነው።

የኒኬል እውነተኛ ችግር ሳይነካ በራሱ መውረዱ ነው፣ ይህ ደግሞ የእኛን አገር የሥራ ወቅት አይወድም። የጥር ሰርግ አልቆ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የሚሠራ ቤዝ 55 ቀን ቦርሳ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። የድሮው ዓይነት ኒኬል በወር ከአምስት አንድ እጁን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈሳል፤ ለፋሲካ ማግስት ስታወጡት ግማሽ ቢቀረው ነው። «ሬዲ ቱ ዩዝ» ወይም «ሎው ሰልፍ ዲስቻርጅ» የተባሉት አዲሶቹ ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዘው ይቆያሉ። ኒኬል ከገዛችሁ እነዚህን ብቻ ግዙ። ባለ 9 ቮልት ኒኬል 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ መልሱለት፤ በዚያ መጠን ውስጥ አይገባም።

ቻርጀሩም የግዢው አካል ነው። ርካሾቹ ሰዓት ቆጥረው የሚያቆሙ ናቸው፣ ለአንድ ሙሌትም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ድንጋይ እንደ አዲስ ይሞሉታል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ደሴ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። መሙላቱን ራሱ አውቆ የሚያቆም ቻርጀር ጠይቁ፣ ከሌለ ኒኬሉን ተዉት።

ሊቲየሙ እዚህ ላይ ይበልጣል። አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ገመድ ይገባለታል፤ መብራት ከሌለ ከፓወር ባንክ ትሞሉታላችሁ፣ ሌሊት ሙሉም አይፈጅም። ሳትጫወቱበት ሲቀመጥም የሚያፈሰው ትንሽ ነው። ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ በሚሊ ዋት ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ይመስለኛል። 4,440 የሚለውን ለ7.4 ስታካፍሉት 600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይወጣል፤ ከአልካላይን ጋር አቻ ነው ማለት ነው።

ሊቲየም ሁለት ዓይነት ነው፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለየውም። አንዱ ሁለት ሴል ብቻ አለው፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ቮልቱ ግን ከ8.4 ጀምሮ ይወርዳል። ሌላው ውስጡ መቀየሪያ ሰርኪዩት አለውና እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 9 ቮልት ይሰጣል፣ ከዚያ ያለ ምንም ምልክት ይጠፋል። መቀየሪያው ራሱ ጃክ ባይሰካም ጥቂት ይበላል፤ ቤዛችሁ 0.4 ብቻ የሚጠጣ ከሆነ መቀየሪያው ከቤዙ በላይ ሊበላ ይችላል። መቀየሪያው የሚያመጣው ፉጨትም አለ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቤዙን አምፕ ላይ ሰክታችሁ፣ ትሬብሉን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ክሮቹን በእጃችሁ አፍናችሁ አድምጡ፤ ከዚያ አልካላይን ቀይራችሁ ድገሙት። ቀጭን ፉጨት በመጀመሪያው ብቻ ከተሰማ ለቤዝ አይሆንም። በትእዛዝ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ እንዲህ ካደረገ መመለስ እንደሚቻል ቀድማችሁ ተስማሙ። ሊቲየምን በኒኬል ቻርጀር በፍጹም እንዳትሞሉ፤ ሊቃጠል ይችላል። ክፍሉ ጠባብ የሆነ ቤዝ ካላችሁ ደግሞ መጠኑን ለኩት፣ አንዳንዱ የሚሞላ ትንሽ ወፍሮ ይወጣል፣ ገብቶ አልወጣም ይላል።

ገንዘቡን በዚህ መንገድ አስሉት፦ የሚሞላው ከነቻርጀሩ የአልካላይኑን ስንት እጥፍ ነው? ስምንት እጥፍ ከሆነ ስምንት አልካላይን እስክትጨርሱ ድረስ አላተረፋችሁም። ቤዛችሁ 1 ሚሊ አምፒር የሚጠጣ ሆኖ በሳምንት አስር ሰዓት የምትጫወቱ ከሆነ አንዱ አልካላይን ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ትርፉ የሚመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ የሚሞላው ራሱ ያረጃል። 2.8 የሚጠጣ ቤዝ ይዞ ኮምቦልቻ በሳምንት 25 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግን በዓመት ስድስት ሰባት ይጨርሳል። ቤዙ ባለ 18 ቮልት ከሆነ ሁለት ሁለት ስለሚያስገባ አስራ ሦስት አካባቢ ይደርሳል። እሱ ሊቲየም ይግዛ፣ አራት ይሁኑለት፣ ሁለቱ ቤዙ ውስጥ ሁለቱ ተሞልተው ቦርሳ ውስጥ። ባለ 18ቱ ላይ አንድ የሚሞላና አንድ አልካላይን መቀላቀል ግን የለም፤ ቀድሞ ያለቀው በሌላው ኃይል ተገልብጦ (ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተለዋውጦ) ይበላሻል።

ዋየርለስ (ድምፁን ያለ ገመድ ወደ አምፕ የሚልክ ዕቃ) የምትጠቀሙ ከሆነ ስለ ቤዙ ከማሰባችሁ በፊት እሱን ወደ የሚሞላ ቀይሩ። በአስሮች የሚቆጠር ሚሊ አምፒር ስለሚስብ፣ ድንጋይ የሚጨርስባችሁ እሱ ነው።

የቸርች ወይም የባንድ የጋራ ቤዝ የተለየ ነው፣ ምክንያቱም ሁሌም ጃኩን ሰክቶት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። 1 ሚሊ አምፒር የሚጠጣ ቤዝ ጃኩ እንደተሰካ ሳምንት ቢያድር 168 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይበላል። ያ የአንድ ኒኬል አብዛኛው ነው፤ እስከ ታች ሲወርድ ደግሞ ደካማው ሴል ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቢሞላም እንደ ድሮው አይሆንም። አልካላይን ግን ሳምንቱን ይችለዋል። ለእንዲህ ያለ ቤዝ አልካላይን ግዙለት፣ የገባበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ፣ መለዋወጫውንም ከክር ማስተካከያው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አድርጉ።