ሄልሜት ወይስ ደንብ? የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋችን አንጎል የሚጠብቀው የቱ ነው?

አንጎል የሚናወጠው የራስ ቅል ስለተሰበረ አይደለም፤ ጭንቅላት በድንገት ሲቆም ወይም ሲጠማዘዝ አንጎል በውስጡ ስለሚናጥ ነው። ሄልሜት አጥንትን ከስብራት በደንብ ያድናል፤ የአንጎልን መናጥ ግን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለዚያም ቢሆን በልኩ መሆን አለበት። የፊት ጠርዙ ከቅንድብ በላይ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይረፍ፣ የጉንጭ ስፖንጆቹ ፊትን ይንኩ፣ የአገጭ ማሰሪያው ሁሉም ቁልፎች ይቆለፉ። ሄልሜቱን ይዘው ግራና ቀኝ ሲያዞሩት የግንባር ቆዳ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ሰፊ ነው። በአየር የሚነፋው ዓይነት በብርድ ይላላል፤ ተጫዋቹ ፀጉሩን ሲቆረጥም ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ አንዴ ለክቶ መተው ትልቅ ስህተት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ከፍተኛው ሊግ ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. በ2022 የቅድመ ውድድር ልምምድ ላይ ለመስመር ተጫዋቾች፣ ለታይት ኤንዶች (ከመስመሩ ጫፍ ለሚሰለፉ አጥቂዎች) እና ለላይንባከሮች (ከመከላከያው መስመር ጀርባ ለሚቆሙ) ያስገደደው ጋርዲያን ካፕ የተባለው ለስላሳ ሽፋን በሄልሜቱ ላይ ይደረባል።

ደንብ ግጭቱን ከምንጩ ይይዛል። በኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ መግጨት ቡድኑን 15 ያርድ (14 ሜትር ገደማ) ሜዳ ያስቀጣል። በ2024 ደግሞ የመክፈቻው ምት ተለወጠ፦ ከመቺው በስተቀር የመቺው ቡድን 10 ተጫዋቾች በተቀባዩ ቡድን ሜዳ፣ ከግብ መስመሩ 40 ያርድ ላይ ይቆማሉ፤ ኳሷ መሬት ወይም ተጫዋች እስክትነካ አይንቀሳቀሱም። ሜዳውን አቋርጦ በሙሉ ፍጥነት መላተም በዚህ ቀነሰ። ደካማ ጎኑ፣ ዳኛ ያላየው ጥፋት አይቀጣም።

ገንዘብ ያጠረው የታዳጊዎች አሠልጣኝ ከውድ ሄልሜት በፊት የግጭት ልምምድን ይቀንስ። መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ደግሞ የለበሰው ምንም ይሁን ምን በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ።