ልጄን ከነዴስኩ ላየችው ቴራፒስት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ ዛሬ ነገ ስል ነው የከረምኩት። አሁን ግን የትምህርት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ ሳላመሰግናት ቢያልፍ ይቆጨኛል። ረዘም ቢልም ታግሳችሁ አንብቡልኝ። በተለይ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት የምታመላልሱ እናቶችና አባቶች።

ማመስገን የምፈልገው ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የምትሠራውን ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው፤ ማለትም ሰው መልበሱን፣ መጻፉን፣ የየዕለት ሥራውን በራሱ እንዲችል የምትረዳ ባለሙያ ናት። ስሜን በአደባባይ አትጻፊው ብላ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ፈቅዳልኛለችና ስልኳን እሰጣለሁ።

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ግራ ጎኑን ነው የያዘው። ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ማንበብ ይወዳል፣ ጥያቄው ደግሞ አያልቅም። ግራ እጁ ግን አይታዘዝለትም፤ ጣቶቹ አንዴ ከተጨበጡ ቶሎ አይፈቱለትም። አእምሮው ገና በማደግ ላይ ሳለ የደረሰበት ጉዳት ነው። ጉዳቱ ራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም፣ በመድኃኒት የሚጠፋም አይደለም። ይቺን ታህል እንኳ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው እስክናገኝ ስንት በር አንኳኳን።

እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያየነውን እኛና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። የቦታም የሰውም ስም አላነሳም። ግን ሳልናገረው ባልፍ ያንቀኛል።

አንዱ ትምህርት ቤት በስልክ ስንጠይቅ ቦታ አለ አለን፤ ልጁን ይዘን ስንሄድ ቦታው ሞልቷል ተባልን። እዚያው ቆመን ሳለ ሌላ ልጅ ይመዘገብ ነበር። ሌላው ትምህርት ቤት ተቀበለን። ተቀበለን ስል ግን መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጦ ረሳው ማለቴ ነው። ደብተሩ ባዶውን ይመጣል። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ሰነፍ ነው፣ መጻፍ አይፈልግም" ይሉኛል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ደረጃው ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀር ነበር። ይህን የነገረኝ ልጄ ራሱ ነው፤ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ቅር ሳይለው፣ እንደ ደንብ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ አልረሳውም።

ሕክምና ብለን የሄድንበትም ብዙ ነው። አንዱ ቦታ "እንደማንኛውም ልጅ እናደርገዋለን፣ አታስቡ" ብሎ የወራት ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለን። ልጄን ያስገቡትና በሩ ይዘጋል። እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ሲወጣ ምን ሠራችሁ ስለው "ኳስ ጨመቅኩ" ይለኛል። ክፍል ውስጥ ምን ይቸግረዋል፣ ሽንት ቤት እንዴት ይጠቀማል፣ ልብሱን ማን ያለብሰዋል ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ለውጥ አጥቼ ስጠይቅ ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ። "ቤት ውስጥ አታሠሪውም ማለት ነው" ተባልኩ። ሌሊት ሁሉ እጁን ይዤ እያሻሸሁ የማድረውን እናት!

ስለዚህ አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ስንገባ "ቴራፒስት አለችን" ሲሉኝ ልቤ ብዙም አልሞቀም። በቃ ደግሞ ሌላ ኳስ አልኩ በሆዴ።

እሷ ግን ልጄን ወደ ቢሮዋ አልጠራችውም። እሷ ናት ወደ እሱ ክፍል የገባችው። እኔም እንድገኝ ነግራኝ ስለነበር በሩ አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ከኋላ ተቀምጣ ዝም ብላ ተመለከተችው። ደብተሩን እንዴት እንደሚያወጣ፣ ከሰሌዳው ሲገለብጥ ስንት ጊዜ ቀና እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚደክመው። ከዚያ ተነስታ ሄደችና ዴስኩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ከስር አየች። እግሩን ነው የምታየው። ወንበሩ ስለሚረዝምበት እግሩ መሬት አይነካም፣ ተንጠልጥሏል። ያንን ሁሉ ጊዜ ያንን እግር ያየ አስተማሪም ሐኪምም አልነበረም።

አንድ ጠንካራ ሳጥን አምጥታ ከእግሩ ስር አደረገችለት። ከደብተሩ ስር ደግሞ የማያንሸራትት ስስ የጎማ ምንጣፍ ነገር አነጠፈች። ምክንያቱም ሌላው ልጅ በአንድ እጁ ሲጽፍ በሌላው ደብተሩን ይይዛል፤ የኔ ልጅ ግን በቀኙ ሲጽፍ ደብተሩ አብሮት ይሄዳል። "እስቲ አሁን ጻፍ የኔ ጎበዝ" አለችው። ጻፈ። ከመስመሩ ሳይወጣ ጻፈ። ቲቸሩ መጥቶ ደብተሩን አንስቶ አየው፣ ልጁን አየው፣ ምንም አላለም።

በኋላ ለእኔ ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ "እግሩ ተንጠልጥሎ ሲቀመጥ ጉልበቱን ሁሉ የሚጨርሰው እንዳይወድቅ ራሱን በመያዝ ነው። ለጽሁፍ ምን ይተርፈዋል?" ከዚህ ሌላ የሞላቻቸው ቅጾች፣ የለካቻቸው ነገሮች ነበሩ። ስማቸውን ነግራኛለች፣ እኔ ግን አልያዝኩትም። የገባኝ ይህ ነው፣ ይህ ደግሞ በቂዬ ነው። ልጄ ሰነፍ አልነበረም። ደክሞት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ልጄ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ "ይናገራል? ይገባዋል?" ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እሷ ግን ቁመቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ "እዚህ ትምህርት ቤት ራስህ ብታደርገው ደስ የሚልህ ነገር ምንድን ነው?" አለችው። ጽሁፍ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሽ ዝም አለና "ጃኬቴን መዝጋት" አላት።

ለካ እረፍት ሲደወል አስተማሪዋ እሱ ጋ ደርሳ ዚፑን እስክትዘጋለት ሜዳ ላይ የኳስ ቡድን ተከፍሎ ያልቃል። እሱ ሲደርስ ቦታ የለም። እኔ እናቱ የማላውቀውን ነው በአንድ ጥያቄ ያወጣችው። "መጀመሪያ ጽሁፉ ይቅደም" ልትለው ትችል ነበር። አላለችውም። ማስታወሻዋ ላይ ጃኬት ብላ ጻፈችና ከዚያ ጀመረች።

አሠራሯን ብታዩ። ዚፑን ያስተማረችው ከመጨረሻው ተነስታ ነው። እሷ ከታች ታስገባዋለች፣ ትስበዋለች፣ አንገቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ትለቅለታለች። እሱ ሳብ አድርጎ ይጨርሰዋል። ያንን ሲችል ደረቱ ላይ ትተውለታለች፣ ከዚያ ሆዱ ላይ። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው። ሁልጊዜ "ዘጋሁት!" የሚለው እሱ ነው። አስቸጋሪው ከታች ማስገባቱ ስለሆነ መጨረሻ ላይ መጣ። ዚፑ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት አሰረችለት፣ ግራ እጁ ደግሞ የጃኬቱን ጫፍ ጭኑ ላይ ተጭኖ እንዲይዝ አሳየችው። "ግራ እጅህ ረዳት ነው። መጎተት አይጠበቅበትም፣ ይያዝልህ ብቻ" ትለዋለች። አሁን ቤት ውስጥ እንኳ ልረዳው እጄን ስዘረጋ "ረዳት አለኝ" ይለኛል።

እኔ ቴራፒ ማለት ልጁን ወስዶ ማሠራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ግማሽ ሥራዋ ከአስተማሪዎቹ ጋር ነው። አታዛቸውም፣ አትቆጣቸውም። አብራቸው ክፍል ትገባለች። ረጅም ማስታወሻ ከሰሌዳ ከመገልበጥ ይልቅ የታተመ ወረቀት እንዲሰጠው፣ የሚያውቀውን በቃል እንዲመልስ፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲያገኝ አደረገች። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀኝ እጁ በኩል መያዣ ብረት አስገጠመች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ቦርሳውንም ደብተሩንም እየተሸከመ ሁሉን የሚሠራለት አንድ ደግ ጓደኛ ነበረው። እሱን ሳታስከፋው "መጀመሪያ ልርዳህ ወይ ብለህ ጠይቀው" አለችው። አሁን ሁለቱ ይጠያየቃሉ፤ ልጄም ጓደኛውን "ልርዳህ?" ይላል።

ዳይሬክተሩ ፈተና ላይ ሰዓት መጨመሩን ሲሰማ መጀመሪያ "ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም" ብሎ ነበር። እሷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነገረችው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አለ፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ከሌሎች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ሲማር የሚያስፈልገው ማመቻቸትና ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል ይላል። የምንለምነው ውለታ አይደለም አለችው። ለሰውየው ምስጋና ይግባውና ሰማት። እኔ ግን ያን ቀን ቀና ብዬ ነው ከቢሮው የወጣሁት፤ ስንት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬ።

ይህን ስጽፍ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የእናቴ ታናሽ ናት። በልጅነቷ አንድ እግሯ ስለማይታዘዝላት ትምህርት ቤት አልላኳትም። ክፉ ሆነው አይደለም። ትጎዳለች ብለው፣ ልጆች ይስቁባታል ብለው፣ ቤት አስቀሯት። እህቶቿ ደብተር ይዘው ሲመለሱ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ፊደል የቆጠረችው ከእህቶቿ ትልልቅ ልጆች ጋር ነው። በቀደም ቤታችን መጥታ ልጄ ጃኬቱን ሲዘጋ አየችው። "ማን አስተማረው?" አለች። ስነግራት "እንዲህ ዓይነት ሰው በኛ ጊዜ የት ነበር?" ብላ ዝም አለች። ሙያው እኮ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የሙያ ማኅበር አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ቀንም በየዓመቱ ኦክቶበር 27 ይከበራል። እኛ ጋ ለመድረስ ነው የዘገየው።

ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁ "አይጽፍም፣ አይቀመጥም፣ ሰነፍ ነው" ሲባል ዝም ብላችሁ አትመኑ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እንድታየው ጠይቁ። እባካችሁ ጠይቁ! ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ብቻ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው፣ ድምፅና ግርግር የሚረብሻቸው፣ በዊልቸር የሚሄዱ ልጆችም አብረዋት ይሠራሉ። ተአምር ግን አትጠብቁ፤ እሷም አትሸጥላችሁም። የልጄ እጅ ያው ነው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ "እጁን እንደ ሌላው ልጅ አደርገዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ቀኑን ግን ቀላል እናደርግለታለን" ነው ያለችኝ። ቃሏን ጠብቃለች። እንዲህ እውነቱን የሚነግራችሁን ባለሙያ ስታገኙ አትልቀቁ።

ወደ እሷ ልትሄዱ ካሰባችሁ ከሐኪም ወረቀት በተጨማሪ የልጁን ደብተር ያዙ። የሚቀመጥበትን ወንበር ከነዴስኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑ ውስጥ መቼ እንደሚደክመው አስተማሪውን ጠይቁ፤ እነዚህን መጀመሪያ ትጠይቃችኋለች። ልጁን ደግሞ እቤት ሳላችሁ ራሱ ማድረግ የሚፈልገውን ጠይቁት፣ እናንተ ግን አትመልሱለት።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ካላችሁ ጻፉልኝ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄዳ አስተማሪዎችን ብታማክር ደስ ይላታል፤ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። ስልኳን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ማታ ማታ ነው የምመልሰው፣ ግን ሁላችሁንም እመልሳለሁ። አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።