ዘጠኝ ወር ከአሥር ኪሎው ሳጥን ጋር፦ የ«ካልቪንና ሆብስ» ሙሉ ስብስብ

የ«ካልቪንና ሆብስ» የጋዜጣ ካርቱን ባለታሪክ የሆነውን ካልቪንን መጀመሪያ ያየሁት በመኪና የኋላ መስታወት ላይ ነው። አሜሪካ የኖረ ሰው ይህን ተለጣፊ አያጣውም፤ ጸጉሩ እንደ ጃርት የቆመ ልጅ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ በአንዱ መኪና አምራች ስም ላይ ሲሸና ያሳያል። ለዓመታት «ባለጌ ልጅ» እያልኩ አልፌዋለሁ። ተለጣፊው ያለ ሠዓሊው ፈቃድ የተሠራ መሆኑን የተረዳሁት ሙሉ ስብስቡን ገዝቼ ቤቴ ካስገባሁ በኋላ ነው። የሠዓሊው የቢል ዋተርሰን ካልቪን ሌላ ልጅ ነው። ይህን ያህል ዓመት በስሙ ሳማው መኖሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን፣ ሦስት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ጥራዞች በአንድ ማቀፊያ ሳጥን የገቡበትን እትም ነው። አሥር ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያገለገለ ስለነበር ዋጋው ረከሰልኝ፤ ነገር ግን ሻጩ በስስ ወረቀት ብቻ ጠቅልሎ ስለላከው የሳጥኑ አንድ ማዕዘን ተጨፍልቆ ደረሰ። መጻሕፍቱ ደግነቱ አልተነኩም። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየምሽቱ ሲገለጡና ሲከደኑ ስፌታቸው አልላላም፣ አንድም ቅጠል አልተነቀለም። ወረቀቱ ወፍራምና ንጹሕ ነጭ ነው። ይህ ንጣት ለሥዕሉ ጌጥ፣ ለእኛ ደግሞ ስጋት ሆኗል። አንደኛው ጥራዝ ላይ አንድ የሽሮ አሻራ አለ፤ የማን ጣት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ትልቁ ችግር ክብደቱ ነው። ጋደም ብሎ ማንበብ አይሞከርም። እኛ ዘዴ አግኝተንለታል፤ ምንጣፍ ላይ ዘርግተነው በሆዳችን ተኝተን እናነበዋለን። ወገቡን የሚያመው ሰው በ2012 የወጣውን በአራት ጥራዝ የተከፈለውን ለስላሳ ሽፋን እትም ቢገዛ ይሻለዋል፤ ይዘቱ ያው ነው።

ወደ ውስጡ ስንገባ ከኖቬምበር 18 ቀን 1985 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1995 በጋዜጣ የወጡት 3,160 ካርቱኖች በሙሉ በወጡበት ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። የሥራ ቀናቱ በጥቁርና ነጭ፣ የእሑዶቹ በቀለም። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ካልቪን የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ሆብስ ደግሞ ነብሩ። በመጀመሪያው ቀን ካልቪን ወጥመድ ሠርቶ የቱና ሳንድዊች ያስቀምጥበታል፤ በመጨረሻው ክፈፍ (የሥዕል ሳጥን) ሆብስ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳንድዊቹን እየበላ እናገኘዋለን። ትውውቃቸው በአራት ክፈፍ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት አልተለያዩም።

«ነብሩ» ያልኩት ቃል በቤታችን ክርክር አስነስቷል። የስምንት ዓመቷ ልጄ እንግሊዝኛውን ከእኔ በተሻለ ታነባለች፤ እናቴ ግን ቋንቋውን ስለማትችል ምሽት ምሽት የማስተርጎሙ ሥራ የእኔ ነው። «ነብር ነው» ስላት እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ቀረብ ብላ አየችና «ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጣል ወይ ተብሎ የለም እንዴ ልጄ? ይህኛው የታል ዝንጉርጉርነቱ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ነብር ነጠብጣብ ነው ያለው፤ ባለ መስመሩ የእስያ አውሬ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ አልኖረምና የራሱ ስም አላወጣንለትም። በመጨረሻ ሁላችንም «ሆብስ» ብቻ ብለን ተስማማን። እናቴ ካልቪንን የምትጠራው «ይህ ቀበጥ» እያለች ነው። ገላውን ላለመታጠብ ሲሸሽ ባየች ቁጥር «የእናቱን ዕድሜ ጨረሰው» ብላ ትስቃለች፤ ለዚያ ደግሞ ትርጉም አያስፈልጋትም።

የሥራው እምብርት የሆብስ ማንነት ነው። በአንድ ክፈፍ ሆብስ ከካልቪን የሚበልጥ ቁመናውን ይዞ፣ ወገቡን ይዞ ቆሞ ይከራከራል። በቀጣዩ ክፈፍ እናትዮዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ያው ሆብስ ወንበር ላይ ዘመም ብሎ የተቀመጠ፣ ዐይኑ ሁለት ጥቁር ነጥብ የሆነ የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። መጀመሪያ «ልጁ በሐሳቡ ነው የሚያየው» ብዬ ደምድሜ ነበር። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ደረስን፤ ሆብስ ካልቪንን ወንበር ላይ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፣ ይጣላሉ፣ በኋላ አባትየው መጥቶ ሲፈታው አንድ ልጅ ራሱን በራሱ እንዲህ እንዴት ሊያስር እንደቻለ ግራ ይገባዋል። ልጄ ገጹን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ አየችና ዝም አለች። ዋተርሰን መልሱን አይሰጥም። አሥር ዓመት ሙሉ አልሰጠም።

የእሑድ ካርቱኖቹን ሳነብ ያልጠበቅኩትን ነገር ተማርኩ። በፊት ጋዜጦች የእሑዱን ካርቱን ቦታ እንዲቆጥብላቸው እንደፈለጉ ቆርጠው ይደረድሩት ስለነበር፣ ሠዓሊው ክፈፎቹን በተወሰነ ልክ እንዲከፋፍልና የላይኛው ረድፍ ቢጣልም ታሪኩ እንዳይጎድል አድርጎ እንዲሠራ ይገደድ ነበር። ዋተርሰን ከመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ዕረፍቱ በ1992 ሲመለስ የእሑዱ ሥራ የማይቆረጥ ግማሽ ገጽ እንዲሆን አስወሰነ። አንዳንድ የጋዜጣ አዘጋጆች ተቆጥተውበታል። መጽሐፉን በተርታ ለሚያነብ ሰው ግን ድሉ በዐይን ይታያል። ከዚያ በፊት እኩል እኩል የነበሩት ሳጥኖች ይፈርሳሉ፤ ዳይኖሰሩ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፣ በረዶው ላይ የሚንሸራተተው ጋሪ ከአንዱ ክፈፍ ወደ ሌላው ይዘላል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ ደግሞ አንድም ቃል የለም። በትንሽ የጸጉር ብሩሽና በጥቁር ቀለም የተሠሩ የዛፍ ግንዶች አሉ፤ መስመሩ ሲወፍርና ሲቀጥን የብሩሹ ጫና ይታወቃል። እዚህ የምኖርበት ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም የዋተርሰን ዋና ሥዕሎች ተቀምጠዋል። ይህን ያወቅኩ ቀን ጎረቤቴ የሆነ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሰውየው ራሱ ያደገው በዚሁ በኦሃዮ፣ ሻግሪን ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አንደኛው ጥራዝ መግቢያ ላይ ታሪኩን ራሱ ጽፎታል። ከኮሌጅ እንደወጣ ሲንሲናቲ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ወራት ሳይቆጠሩ ተባረረ። ከዚያ ዓመታት የሸቀጥ ማስታወቂያ ሲያሰናዳ፣ ማታ ማታ የሚሠራቸው ካርቱኖች ተቀባይ እያጡ ሲመለሱለት ኖረ። እንዲህ የተቸገረ ሰው ገንዘብ ሲመጣለት እምቢ ይላል ብሎ ማን ይገምታል? በኋላ ከ2,400 በላይ ጋዜጦች ላይ የወጣው ይህ ካርቱን እየታወቀ ሲመጣ ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት አሻንጉሊቱን፣ ኩባያውን፣ ካናቴራውን ለመሸጥ ፈለገ። ዋተርሰን ለዓመታት ተሟግቶ ውሉን አስለወጠ፣ ሆብስም ሱቅ አልገባም። ከዚያም በ37 ዓመቱ፣ ሥራው ገና ሳይደክም አቆመ።

ይህን እምቢታ በደንብ የገባኝ በስድስተኛው ወር ነው። ልጄ ለልደቷ ሆብስን ግዙልኝ አለች። ፈቃድ ያለው አሻንጉሊት እንደሌለ ስነግራት አኮረፈች። በሳምንቱ ከእናቴ ጋር ሆነው ከብርቱካናማ ካልሲ አንድ ሠሩ፤ መስመሮቹን እናቴ በጥቁር ክር ጠለፈቻቸው፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ይረዝማል። ያ ካልሲ አሁን ከልጄ ጋር ነው የሚያድረው። ሱቅ ውስጥ የተደረደረ፣ ዋጋ የተለጠፈበት ሆብስ ቢኖር ኖሮ ሕያው ነው ወይስ ጨርቅ የሚለው ጥያቄ በደረሰኝ ይዘጋ ነበር።

ሁሉም ገጽ እኩል ነው አልልም። ካልቪን ሴት ልጆችን ለማግለል ያቋቋመው ማኅበር ልጄን ያናድዳታል፤ ጎረቤቱ ሱዚ በየጊዜው ስታሸንፈው ግን እልል ትላለች። የቴሌቪዥን ቀልዶቹ በዝተው ይደጋገማሉ። አንድ የምታስታውሱትን ካርቱን መልሳችሁ ለማግኘትም ወፍራሙን ጥራዝ ማገላበጥ ግድ ነው።

የራኩኑን (የአሜሪካ ትንሽ የዱር እንስሳ ነው) ታሪክ ግን ሳላነሳ አላልፍም። ካልቪን የተጎዳ የራኩን ግልገል ያገኛል። እናቱን ይጠራል፣ ሳጥን ያመጣሉ፣ ያድራል፣ ጠዋት አባቱ ግልገሉ መሞቱን ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቀልዱ ይቀንሳል፤ ልጁ ይጠይቃል፣ ሆብስ ከጎኑ ይቀመጣል። እየተረጎምኩ ድምፄ ተቆረጠ። በዚያ ዓመት ከቤታችን ሰው ሞቶብን ስለነበር ለልጄ በምን ቃል እንደምነግራት ሳላውቅ ከርሜ ነበር። እናቴ መጽሐፉን ሳትዘጋ ልጄን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «በይ እንግዲህ የቀረውን አንቺ አንብቢልን» አለቻት። ልጄም በእንግሊዝኛ ቀስ እያለች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው እሑድ ላይ ደረስን። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል፣ ገጹ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ሁለቱ በጋሪያቸው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። እናቴ «ወዴት እየሄዱ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የተጻፈውን ተረጎምኩላት። አሁን ከአንደኛው ጥራዝ እንደገና ጀምረናል። ገና ቱናው ላይ ነን።