ጮቄ ላይ በዝናብ እሳት ለሚያነዱልን አባትና ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ጽሁፍ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ጮቄ ተራራ ለሚወጡ፣ በተለይ ድንኳን ይዘው ለሚያድሩ ሰዎች ነው። በቅሎ የሚያከራዩ፣ እንጨት የሚያቀርቡና ሌሊቱን እሳት የሚጠብቁ አባትና ልጅ አሉ። አባትየውን ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም፤ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልንና እናገናኛችኋለን። እግዜር ይስጥልን ማለት ብቻውን ለሌላ ተጓዥ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ምን እንደሚሠሩና ለምን እንደሚሳካላቸው በዝርዝር እንጽፋለን፤ ሌላ ሰው ብትቀጥሩም በምን እንደምትመዝኑት ታውቃላችሁ።

ጮቄ ላይ እሳት የሚያስቸግረው ዝናቡ ብቻ አይደለም። ጫፉ 4,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ያለው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ዝናቡ ያልነካውን ሁሉ ጉሙ ያረጥባል፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥላል፣ ሌሊቱን ውርጭ አለ። የላይተር ጋዝ ብርድ ሲጠናበት በደንብ አይተንም፤ ብልጭ ይላል እንጂ አይያዝም። አያ ላይተራቸውን ብብታቸው ሥር ነው የሚይዙት። ክብሪቱን ደግሞ ከነመጫሪያው በላስቲክ ጠቅልለው ግማሹን ለልጁ ይሰጣሉ፤ አንዱ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል።

ሥራው የሚጀምረው ከታች ነው። እንጨት ተራራው ላይ ከደረሱ በኋላ አይለቅሙም፤ እዚያ የሚበቅሉትን አስታና ጅብራም አይነኩም። የአስታው መመናመን በዓይን የሚታይ ስለሆነ ይህንን ብቻውን እንደ ትልቅ ነገር እንቆጥርላቸዋለን። የሚጭኑት ተፈልጦ ቢያንስ አንድ በጋ ጣራ ሥር የከረመ ባሕር ዛፍ ነው። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ ውሃው እስኪያልቅ የእንጨቱ ሙቀት ከመፍያ ነጥብ ብዙም አይዘልም፣ ለመቀጣጠል ግን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ይፈልጋል። ዓይን የሚያቃጥለው ወፍራም ነጭ ጭስም እንፋሎትና ሳይነድ ያመለጠ ጋዝ ነው። እንጨት ሻጭ «ደረቅ ነው» ሲላችሁ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ቋ ካለ ደርቋል፣ ዱብ ካለ ውሃ አለው። ጫፉ የተሰነጣጠቀውን ምረጡ።

ለስድስት ሰባት ሰው፣ ለአንድ ምሽትና ለማግስቱ ቁርስ፣ በደረቅ አየር ከ35 እስከ 40 ኪሎ ይበቃል። በክረምት አንድ ሙሉ የበቅሎ ጭነት፣ 60 ኪሎ ገደማ፣ ይጭናሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ለመቆጠብ ይከራከራል። አትከራከሩ።

ልጁ በጀርባው የሚይዛት ደረቅ ከረጢት ለብቻዋ ናት። ውስጧ የተሰነጠቀ ደረቅ ቀርከሃ፣ ባሕር ዛፍ ራሱ የሚጥለው ቅርፊት፣ ጥቂት ጧፍና ከቤት የወጣ ኩበት አለ። ቀርከሃ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ፍም አይተውም። ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ከገባ ድፍን አንጓው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ሲግል እንደ ጥይት ይፈነዳል። ጧፉ ጥጥና ሰም ስለሆነ ዝናብ አይገባውም፤ ጣት የሚያህል ቁራጭ የተወሰነ ደቂቃ ሳይጠፋ ይነዳል፣ ክብሪት ግን ሰከንዶች ብቻ ነው የሚቆየው። ከመጨረሻው ቤት ሲነሱ ደግሞ ኩበት በፍም አስይዘው ክዳኑ በተበሳ ጣሳ ይይዙታል። እናቶቻችን ከጎረቤት እሳት ሲጭሩ የሚያደርጉት ነው። ኩበት ያለ ነበልባል ቀስ እያለ ስለሚግል ክብሪቱ ሁሉ ቢረጥብ እንኳ እሳት በእጃቸው አለ።

ሰፈር ሲደርሱ ቸኩለው አይለኩሱም፤ ከመድረስ እስከ መያዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ብዙ ደንበኛ የሚያጉረመርመውም ያኔ ነው። መጀመሪያ ሸራው በነፋሱ በኩል ዝቅ፣ በሌላው በኩል ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይወጠራል፤ እሳቱ የሚነደው ከፍ ያለው ጠርዝ ሥር ነው፣ ከድንኳን ቢያንስ አራት አምስት እርምጃ ርቆ። ላስቲክ ከእሳት በላይ አይሰቀልም፣ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ጎድጓዳ ቦታ አይመርጡም፣ ውሃ ይተኛበታል። የጉልቻ ድንጋይም ከወንዝ አያመጡም፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ክንድ የሚያህል አምስት ስድስት ፍልጥ መሬት ላይ አጠጋግተው ይደረድራሉ። ይህን መደብ የሚዘል ሰው የመጀመሪያውን ሙቀት ለጭቃው ይሰጣል፤ እሳቱ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚሞትበት። ልጁ በምሳር ፍልጥ ለሁለት ሰንጥቆ ከደረቁ ልብ በቢላ ይልጣል፣ ልጡ ሳይቆረጥ እንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ እንዲንጠለጠል። መደቡ ላይ ሦስት ቁራጭ ጧፍ፣ በላዩ ቅርፊቱና ክብሪት እንጨት ያህል የቀጠነ ቀርከሃ አንድ ሙሉ እፍኝ፣ ከዚያ እርሳስ የሚያህል ጭራሮ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ አውራ ጣት የሚያህል አንድ እቅፍ። ጭራሮው የሚቆመው እንደ ደመራ ነው፣ አይጋደምም። መስከረም 16 ዝናብ እየወረደበት የሚነድ ደመራ ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፤ የቆመ እንጨት ዝናቡን በጎኑ ያወርዳል፣ ነበልባሉም ሽቅብ ሲሄድ የሚቀጥለውን እያደረቀ ነው። በነፋሱ በኩል አንድ ስንዝር በር ይተዋሉ፣ ክብሪቱ የሚገባው በዚያ ነው። አያ እፍ የሚሉት በቀርከሃ ቱቦ፣ ከሥር፣ ቀስ አድርገው ነው፤ ከላይ እፍ ማለት ነበልባሉን ከእንጨቱ ይለየዋል።

አውራ ጣት የሚያህለው በደንብ ሳይፈም ወፍራም ፍልጥ አይጨምሩም። ብዙ እሳት የሚጠፋው በዝናብ ሳይሆን በዚህ ነው። ፍልጡ እስከዚያ ከእሳቱ አንድ ስንዝር ርቆ ዙሪያውን ይቆማል፣ ተራውን እየጠበቀ ይደርቃል።

ናፍጣ ወይም ቤንዚን አይዙም። ላዩ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ነዳጁ ሲያልቅ እንጨቱ እንደረጠበ ነው፤ ፍም ላይ ደግሞ የጨመረ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር፦ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ንፍሮ ብታዙ እንጨቱን ጨርሳችሁ ጥሬ ትበላላችሁ። ሽሮ፣ በሶ፣ ሻይ ያዙ።

ማታ ፍሙ ላይ ኩበት ጥለው አመድ ያለብሱትና በቆርቆሮ ቁራጭ ይከድኑታል፤ ጠዋት ረመጡን ቆስቁሶ ጭራሮ መጨመር ነው። ፍም ወደ ድንኳን ማስገባት ግን ብትለምኑም፣ ገንዘብ ብትጨምሩም አይፈቅዱም። ልክ ናቸው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛም ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል። ሲነሱ ደግሞ ውሃ አፍስሰው፣ አመዱን አማስለው፣ በእጃቸው ጀርባ ዳስሰው ነው የሚሄዱት፤ የዕፅዋት ሥር የያዘ እሳት በአፈር ውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል።

የማያደርጉትንም እንንገራችሁ። ስለ ወፍና ስለ ዕፅዋት የሚያስረዳ መሪ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ጨምሩ። እንግሊዝኛ አይናገሩም። አያ ሰማዩን አይተው «ዛሬ አይወጣም» ካሉ ሐሳባቸውን አያስቀይሯቸውም።

ክፍያው በቀን ነው፤ የእንጨቱ በቅሎ ከሻንጣው በቅሎ ለብቻ ይታሰባል፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። በክረምት ከሆነ ደግሞ ሦስት አራት ቀን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ደረቅ ኩበት በዝናብ ወራት ከየቤቱ ተለምኖ ነው የሚሰበሰበው።