አሳማ ለምታረቡ፦ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዛሬ ካልጻፍኩት ይቆጨኛል።

አሳማ አርቢ ነኝ። የሥራችንን ጣጣ የገባበት ያውቀዋል። እናቲቱ 114 ቀን ታረግዛለች። ግልገሎቹ ለቄራ እስኪደርሱ ደግሞ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። ሲደመር ወደ 10 ወር ነው። በዛሬ ዋጋ ተማምነህ ትጀምራለህ፣ የምትሸጠው ግን በሌላ ዋጋ ነው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ መኖ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ተወደደ ብሎ የአሳማ ዋጋ የሚጨምርልህ የለም። እኔ ላይ መኖ ሲወደድና አሳማ ሲረክስ አንድ ላይ መጡና አንድ ዙር ሙሉ በኪሳራ ሸጥኩ።

ያኔ ነው አንድ ወዳጄ ከዚህች ባለሙያ ጋር ያገናኘኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አንድ አሳማ ስንት ያስወጣሃል?" ብላ ነው። በግምት መለስኩላት። ምንም ሳትል ቦቲ ጫማ አጥልቃ አሳማዎቹ ጋ ገባች። መኖ የምሰፍርበትን ባልዲ ሞልታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። እኔ ስቆጥር ከኖርኩት ይበልጥ ነበር። ስንት እንደሞቱብኝም ጠየቀችኝ። "100 አስገብተህ 95 ከሸጥክ፣ የሞቱት የበሉት በ95ቱ ላይ ነው የሚጫነው" አለችኝ። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ኤክሴል ላይ አንድ ገጽ ሠራችልኝ። ከላይ በአግድም የመኖ ዋጋ፣ በጎን ወደ ታች የአሳማ ዋጋ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ከአንድ አሳማ የማገኘው ነው፤ ኪሳራ ከሆነ ሳጥኑ ቀይ ይሆናል። የመኖው ዋጋ ትንሽ ከፍ ሲል ቀዩ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳይ ደነገጥኩ። ሠንጠረዡ የነገን ዋጋ አይነግረኝም፣ እሷም ይነግርሃል አላለችኝም። ከየትኛው ዋጋ በታች እንደምከስር ግን ገና ስጀምር አውቀዋለሁ።

በጣም ያከበርኳት በሌላ ነገር ነው። ቺካጎ ገበያ ላይ አሳማ በፊውቸርስ፣ ማለትም ዋጋው ቀድሞ በሚቆረጥ ውል እንደሚሸጥ ሰምቼ ልግባበት አልኳት። "አንዱ ውል 40,000 ፓውንድ ሥጋ ነው፣ 200 አሳማ ገደማ ማለት ነው። አንተ በአንድ ዙር የምትሸጠው 60 ነው። የተረፈው ቁማር ይሆንብሃል" ብላ አስቆመችኝ። ልታስከፍለኝ የምትችለውን ሥራ ራሷ አስቀረችው! በምትኩ ከገዢዬ ጋር የግማሹን ዋጋ አስቀድመን ቆረጥን። የዚያኑ ግማሽ መኖም በዚያው ሳምንት ገዛሁ። የመሸጫውን ብቻ ቆርጠህ መኖውን ክፍት ከተውከው በሌላው በር ትከስራለህ ብላኝ ነበር። ያ ዙር ሲሸጥ ዋጋው ወርዶ ነበር፤ እኔ ግን አልከሰርኩም።

እህቴ፣ ከልብ አመሰግንሻለሁ። እጅሽ ይባረክ።

ልታገኟት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የመኖ ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሞቱባችሁንም ቁጥር አትርሱ፣ መጠየቋ አይቀርም።