የአእምሮ ጤና ቀሪ ፈቃድ በኢሊኖይ ትምህርት ቤቶች፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ ተማሪ በአእምሮ ወይም በባሕርይ ጤና ምክንያት እስከ 5 ቀን ያለ ሐኪም ማስረጃ ቢቀር መቅረቱ በፈቃድ እንደሆነ እንዲመዘገብለት ይደነግጋል። ልጃችን አሥረኛ ክፍል ሳለች ስለተጠቀመችበት፣ የታዘብኩትን ለሌሎች ወላጆች ላካፍል ወደድሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወላጅ ጠዋት ለጽሕፈት ቤቱ ደውሎ ምክንያቱን ይናገራል፣ በቃ። የልጆች የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ረጅም ወረፋ ስላለው፣ ማስረጃ አለመጠየቁ ትልቅ እፎይታ ነው። ያመለጠውን ትምህርት የማካካስ ዕድልም በሕጉ የተሰጠ በመሆኑ፣ የሒሳብ መምህሯ ያመለጣትን ፈተና ያለ ክርክር በሌላ ቀን ፈትነዋታል።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ወደ ድጋፍ ሰጪ ባለሙያ ሊመራው እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። እኛን ማንም አልጠራንም፤ ልጃችን ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር የተገናኘችው ራሳችን ደጋግመን ጠይቀን ነው። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው፤ ትምህርት ቤት መሄድ የሚያስፈራው ልጅ ቤት ሲውል ለጊዜው ቢቀለውም፣ የሚያነጋግረው ሰው ካላገኘ በማግስቱ የሚጠብቀው ፍርሃት ሊብስ ይችላል። በ2019 ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው ኦሪገን በሦስት ወር ውስጥ 5 ቀን ሲፈቅድ፣ ኮነቲከት በዓመት ተከታታይ ያልሆኑ 2 ቀናት ብቻ ይሰጣል፤ እኔ ግን ቀን ከሚጨመር ይልቅ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ያለው ምክክር ግዴታ ቢሆን እመርጣለሁ።

የእኛ ሰው በበኩሉ የልጁ ስም እንዳይነሳ ብሎ «ሆዱን አሞት ነው» ማለት ይቀናዋል። ያ ቀን እንደ ተራ ሕመም ስለሚመዘገብ፣ ልጁን ወደ ባለሙያ ለመምራት ምክንያት የሚሆነው ቁጥር ጨርሶ አይሞላም። (ጽሕፈት ቤቱ ዝርዝር እንዳልጠየቀንም ልጨምር።)

በኢሊኖይ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶውን ያህል የቀረ ተማሪ፣ በፈቃድም ይሁን ያለ ፈቃድ፣ አዘውትሮ ቀሪ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ለገና አገር ቤት ሄደው ዘግይተው የሚመለሱ ቤተሰቦች፣ እነዚህን 5 ቀናት ከጉዞውና ከጉንፋኑ ጋር ደምረው ቢያሰሉ ይሻላቸዋል።