ፊደል ማስቆጠር ወይስ ራስን ማስቻል? ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ልጃቸውን በአራት ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት የሚዘጋጁ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ ክረምቱን ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ሌሎቹ ልጁ ራሱን እንዲችል ያለማምዱታል።

የፊደሉ መንገድ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፤ ልጁ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ቤተሰቡ ይደሰታል። ይሁንና 33ቱ ፊደላት በየሰባት ሆሄያቸው 231 ስለሚሆኑ፣ የአራት ዓመት ልጅ በዜማ የሚያወርዳቸውን ያህል ለይቶ አያውቃቸውም፤ ጣት «ሙ» ላይ ቢያርፍ ከ«መ» ካልጀመረ አይደርስበትም።

ሁለተኛው መንገድ ለጎረቤት የሚያሳዩት ነገር የለውም። ነገር ግን በከዚራም ሆነ በመጋላ ሰፈር ሙቀቱ ሲበረታ የኮዳውን ክዳን ራሱ ከፍቶ የሚጠጣ፣ ሽንቱ ሲመጣም ሱሪው ሳይረጥብ የሚናገር ልጅ ቀኑን ሳያለቅስ ይውላል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በዚህ ከተማ ደግሞ፣ የቤቱ ቋንቋ ከመምህርቷ የተለየ ከሆነ፣ «ውሃ» እና «ሽንት ቤት» የሚሉትን ቃላት በእርሷ ቋንቋ ማወቁ ከየትኛውም ፊደል ይቀድማል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ፊደሉን መምህርቷ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ታስቆጥራለች፣ የሱሪ ቁልፍ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ በየተራ ስትፈታ ልትውል አትችልም።